ማዕበል በሚሰበርበት ዳርቻ ለማጥመድ የሚሆን ሪልና የክር ጫፍ ዕቃ አመራረጥ

ማዕበል በሚሰበርበት አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው፣ የዕቃው ፈተና የሚጀምረው ገና ዓሣ ሳይነካው ነው። ጨዋማው ውኃ፣ ነፋስ የሚያነሣው አሸዋ እንዲሁም ክሩን ወደ ውኃው የሚያሰጥም ከባድ እርሳስ (ብረት) አስሮ በሙሉ ኃይል መወርወር፣ ክሩ በሚጠመጠምበትና በሚሳብበት መሣሪያ፣ ማለትም በሪል ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ትልቅ ዓሣ እንኳ አያደርስም። በዚህም ምክንያት የትኛው ሪል ጠንካራ እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ሁሉ፣ በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመውን የፍሬን ኃይል ለጊዜው ትተው ውኃና አሸዋ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል አስቀድመው እንዲመረምሩ እመክራለሁ።

የሪል ፍሬን ዓሣው ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ በልኩ እንዲለቀቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። በተለምዶ የሚስተካከለው የክሩን የመሸከም አቅም ሩብ፣ ቢበዛ ሲሶ ያህል ሲሳብ እንዲለቅ ተደርጎ ነው፤ 30 ፓውንድ፣ ማለትም 13.6 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚሸከም ክር ይህ ከ3.4 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለሆነም 20 ኪሎ ግራም ይይዛል የተባለ ፍሬን አብዛኛው ኃይሉ ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። ዋናው ነገር ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ መልቀቅ መጀመሩ ነው። ይህን ለማወቅ የክሩን ጫፍ ከእጅ ሚዛን ጋር አስሬ ቀስ እያልሁ እስበዋለሁ። የሚዛኑ መርፌ ቀስ በቀስ ወጥቶ በአንድ ቦታ ከረጋ ፍሬኑ ደኅና ነው፤ 6 ኪሎ ላይ ደርሶ በድንገት ወደ 4 የሚመለስ ከሆነ ግን፣ ዓሣው ሲፈተለክ ቋጠሮው የሚበጠሰው በዚያችው ቅጽበት ነው። ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ሰፋፊ ሮንዴላዎች ያሉትና ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ ፍሬን በዚህ ረገድ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ውኃ መከላከያው ስንመጣ፣ አንዳንድ አምራቾች አይፒኤክስ የተባለውን ደረጃ ይጠቅሳሉ። 5 ቁጥር ከየአቅጣጫው ለሚረጭ ውኃ፣ 6 ቁጥር ደግሞ ከዚያ ለበረታ ውኃ ሲሆን፣ 7 ቁጥር በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መዘፈቅን ያመለክታል። ፔን ስላመር 4 የተባለው ሪል ለምሳሌ የ6 ቁጥር ደረጃ አለው፤ ቫን ስታል የተባለው የሪል ዓይነት ደግሞ ውኃ ውስጥ ገብተው በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ገላው በጥብቅ የታሸገ በመሆኑ ነው። ሆኖም ፈተናው የሚካሄደው በንጹሕ ውኃ ስለሆነ፣ ስለ አሸዋም ሆነ ከጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ የጎማ ማሸጊያ የሚነግረን ነገር የለም።

ገላው ከአሉሚኒየም የተሠራ ሪል ጭነት ሲበዛበት አይጣመምም፤ ስለዚህ በውስጡ ያሉት የማርሽ ጥርሶች ተገጣጥመው ይቆያሉ። ነገር ግን የማይዝግ ብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ጨው ሲነካው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት አሉሚኒየሙ ይበላል። ብሎኑን ፈትቶ ግራሶ መቀባት ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከሁሉ በላይ እንዲታይ የምፈልገው ግን ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን ተንከባላይ ነው። በውስጧ ያለው ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ይበላሻል። በጣት ጫፍ ስትገፋ በነጻነት መዞር አለባት፤ ከሻከረች ወይም ከቆመች ክሩ በአንድ ቦታ እየፈተገ ጉድባ ይቆፍርባታል፣ ጉድባውም በተራው ክሩን ይልጠዋል። መጠንን በተመለከተ፣ 6000 ወይም 8000 የሚለው ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ፣ ሪሉ ስንት ሜትር ክር እንደሚይዝ ማየቱ ይበቃል።

ብዙ ሰው ለሪል በልግስና ከከፈለ በኋላ ለክሩ ጫፍ፣ ማለትም ለእርሳስ፣ ለማያያዣና ለመንጠቆ፣ ያገኘውን ርካሽ ዕቃ ያነሣል፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዓሣው የሚያመልጠው በአብዛኛው እዚያ ነው። ስሌቱ መጀመር ያለበት ከእርሳሱ ነው። ለእያንዳንዱ አውንስ፣ ማለትም ለየ28 ግራሙ፣ የውርወራውን ኃይል እንዲችል ከዋናው ቀጭን ክር ጫፍ ላይ የሚቀጠለው ወፍራም ክር 10 ፓውንድ የመሸከም አቅም ሊኖረው ይገባል የሚለው የቆየ ደንብ ዛሬም ያገለግላል፤ 5 አውንስ ለሆነ እርሳስ 50 ፓውንድ መሆኑ ነው። ይህ ወፍራም ክር ከእርሳሱ ተነሥቶ ዘንጉን አልፎ፣ ለውርወራ ተዘጋጅተን ስንቆም ማጠንጠኛው ላይ ቢያንስ አምስት ዙር መጠምጠም አለበት። በውርወራ መካከል ተበጥሶ የሚወነጨፍ እርሳስ ዳርቻው ላይ ያለን ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ይህን የሚያቃልል ሰው ከጎኔ ባይቆም እመርጣለሁ።

ወፍራሙን ክር ከቀጭኑ የተጎነጎነ ክር ጋር ለማያያዝ ኤፍጂ የተባለውን ቋጠሮ እጠቀማለሁ፤ ቀጭን በመሆኑ በዘንጉ ቀለበቶች መካከል ሳይጋጭ ያልፋል። የተጎነጎነው ክር በወፍራሙ ላይ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ይጠመጠምና በምራቅ ረጥቦ በኃይል ይጠበቃል። በትክክል ሲጠብቅ የተጠመጠመው ክፍል ቀለሙ ይጠቁራል። ካልጠቆረ ገና አልነከሰም ማለት ስለሆነ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል።

የፒራሚድ ቅርጽ ያለው እርሳስ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ይይዛል፤ ወራጁ ሲበረታ ደግሞ ሲሳቡ ወደ ኋላ የሚታጠፉ የሽቦ እግሮች ያሉት ይመረጣል። ክር እንዳይጠማዘዝ የሚያደርገው ተሽከርካሪ ማያያዣ ከክሩ የበለጠ አቅም ካላቸው መካከል ትንሹ ይሁን። በእጅ የሚከፈቱ የሽቦ መቆለፊያዎችን ግን፣ ቋጠሮ ሊተካቸው በሚችልበት ቦታ ሁሉ አልጠቀምም፤ ቀጭኑ ሽቦ ጭነት ሲበዛበት ይከፈታል።

ለማባበያ ሥጋ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ክብ መንጠቆ አስቀድማለሁ። ዓሣው ሲወስደው ዘንጉን መንጠቅ አያስፈልግም፤ ሪሉን በእርጋታ ማዞር ይበቃል፣ መንጠቆውም በአብዛኛው የአፉን ጥግ ይይዛል፤ ስለዚህ የሚለቀቀው ዓሣ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ መንጠቆ ክር ተበጥሶ ዓሣው ውስጥ ከቀረ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ከጊዜ በኋላ የሚዝገውን እመርጣለሁ። መንጠቆው የሚታሰርበት ክር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአየር ላይ አይወሳሰብም፣ ርቆም ይሄዳል።

ከማጥመድ መልስ ሪሉ የሚታጠበው ፍሬኑ ጠብቆ፣ በዝግታ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ነው፤ በግፊት የሚረጭ ውኃ ጨውን በማሸጊያው አሳልፎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከደረቀ በኋላ ሮንዴላዎቹ ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ ፍሬኑ ይላላል፤ የተላጠ ክር ይቆረጣል፣ ሲዞር የሚንኳኳ ማያያዣም ይጣላል።