ሲ-ፎስ፦ ጥቁሩ ነጥብ የሚናገረው ከ90 ደቂቃ በፊት የሆነውን ነው

የአይጥ አንጎል ቁራጭ አጉሊ መነጽር ሥር ገብቶ ጥቋቁር ነጥቦች ተበትነው ሲታዩ፣ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «እነዚህ ነርቮች ሠርተዋል፣ የቀሩት ተኝተዋል» የሚል ንባብ ነው። ነጥቡ የሚያሳየው ግን ሲ-ፎስ የሚባል ፕሮቲን ኒውክለሱ (ዲኤንኤ ያለበት የሕዋሱ እምብርት) ውስጥ መከማቸቱን ብቻ ነው። በነርቩ የኤሌክትሪክ ምልክትና በፕሮቲኑ መካከል ረጅም ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱን ሳያውቅ ነጥብ የሚቆጥር ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ስሙ ራሱ ከአንጎል ጋር ዝምድና የለውም፤ በአይጥ ላይ የአጥንት ካንሰር ከሚያመጣ ቫይረስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማይክል ግሪንበርግና ኤድዋርድ ዚፍ የእድገት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ሲጨመርባቸው ሕዋሶች ይህን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረመል በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያነቁት አሳዩ። በ1987 ጀምስ ሞርጋን፣ ቶም ከራንና ባልደረቦቻቸው በመድኃኒት መንቀጥቀጥ የተቀሰቀሰባቸው አይጦች አንጎል ውስጥ አገኙት። የነጥብ ቆጠራው ዘመን የተከፈተው ያኔ ነው።

የነርቭ ሕዋስ ዲኤንኤ በመሠረቱ ከጉበት ሕዋስ ዲኤንኤ አይለይም፤ ልዩነቱ የትኛው ዘረመል ይነበባል የሚለው ላይ ነው። ብዙዎቹ ዘረመሎች ሕዋሱ ነርቭ ሆኖ ሲቀረጽ ተከፍተው ወይም ተዘግተው ይቀራሉ። ፎስ (ሲ-ፎስ በአጭሩ) ግን ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ ዘረመል ነው። የሚያስነብቡት ፕሮቲኖች ቀድመው ቦታቸውን ስለያዙ፣ አዲስ ፕሮቲን እስኪሠራ ሳይጠብቅ ይነሣል።

የሚቀሰቅሰው ካልሲየም ነው። ባረፈ ነርቭ ውስጥ የነጻ ካልሲየም መጠን 100 ናኖሞላር ገደማ ሲሆን ውጭው ከ1 ሚሊሞላር ይበልጣል፤ ልዩነቱ አሥር ሺህ እጥፍ ነው። በሩ ትንሽ ሲከፈት ጎርፍ ይገባል። ዋናዎቹ በሮች ኤንኤምዲኤ የሚባለው የግሉታሜት (ነርቮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ኬሚካል) ተቀባይና ኤል የሚባለው ዓይነት የካልሲየም ቀዳዳ ናቸው። ከቀዳዳው አፍ ላይ ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ካልሲየሙን ይይዛል፤ ከዚያ ኪናዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች) መልእክቱን ወደ ኒውክለስ ያደርሳሉ። እዚያ ክሬብ የተባለው ፕሮቲን 133ኛው አሚኖ አሲዱ (ሴሪን) ላይ ፎስፌት ይለጠፍበታል። ፎስፌቱ ሲቢፒ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይጠራል፤ ሲቢፒ ደግሞ ዲኤንኤው የተጠመጠመባቸው ሂስቶኖች የሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ጨምሮ ጥምጥሙን ያላላል። በሌላ ወገን ኤስአርኤፍና ኤልክ-1 የተባሉ ፕሮቲኖች ዲኤንኤው ላይ የራሳቸውን መቀመጫ ይዘው ያግዛሉ። ከዘረመሉ ራቅ ብለው የተቀመጡ ኢንሃንሰሮችም (ንባቡን የሚያጠናክሩ የዲኤንኤ ክፍሎች) አሉ፤ በአይጥ አምስት ተለይተዋል፣ የተለያየ ቀስቃሽ ደግሞ የተለያዩትን ይጠቀማል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል፦ ሁለት ነርቮች አንድ ዓይነት ነጥብ አሳይተው በተለያየ መንገድ ነቅተው ሊሆን ይችላል።

ማጥፊያውም ከማብሪያው እኩል ይገርማል። የፎስ ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የዘረመሉ ቅጂ) ጭራው ላይ በአዴኒንና ዩራሲል የበዛ ቅደም ተከተል አለው፤ ይህ ቅደም ተከተል ቶሎ እንዲበጣጠስ ያደርገዋል፣ ግማሹ በሩብ ሰዓት አካባቢ ይጠፋል። ፕሮቲኑም ተመልሶ የራሱን ዘረመል ያፍናል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ሰዓት ነው። ኤምአርኤንኤው ከቅስቀሳው 30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ፕሮቲኑ ከ60 እስከ 120 ደቂቃ ባለው ጊዜ፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይቀንሳል። ፕሮቲን የሚፈልግ ሰው የእንስሳውን አንጎል በ90ኛው ደቂቃ አካባቢ ያወጣል። በ90ኛው ደቂቃ ኤምአርኤንኤ የሚለካ ሰው ግን የጠፋ እሳት አመድ ነው የሚያገኘው። አርክ የሚባለው ዘረመል እዚህ ላይ ይረዳል፦ ኤምአርኤንኤው በ5 ደቂቃ ኒውክለስ ውስጥ፣ በ30 ደቂቃ ደግሞ ከኒውክለሱ ውጭ ይታያል። በመሆኑም ሁለት ክስተቶችን በ25 ደቂቃ አራርቆ የትኛው ነርቭ ለየትኛው እንደነቃ በአንድ ቁራጭ ላይ መለየት ይቻላል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከኬሚካሉ በፊት፣ እንስሳው ገና በሕይወት ሳለ ነው። አይጥን ከቤቷ አንሥቶ መያዝ ብቻውን ሃይፖታላመስ ውስጥ ያለውን የጭንቀት ማዕከል ያበራዋል። መፍትሔው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ መያዝና በጨው ውሃ መርፌ ማለማመድ ነው። ቤቷ የቀረች አይጥ ብቻዋን ማነጻጸሪያ አትሆንም፤ እዚያው ሳጥን ገብታ ቅስቀሳው ብቻ የቀረባት ሌላ አይጥ ታስፈልጋለች። በሌሊት የበራ መብራትም የሰውነት ሰዓትን የሚመራውን ክፍል ያነቃል።

ቀጥሎ በደም ሥር የጨው ውሃ፣ ከዚያም ቀዝቃዛ 4 በመቶ ሕብረ ሕዋሱን ባለበት የሚያደርቀው ፓራፎርማልዲሃይድ ይገባል። አንጎሉ በዚያው ፈሳሽ በ4 ዲግሪ አንድ ሌሊት ያድራል። ቀናት ከቆየ ሲ-ፎስን ፈልጎ የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል የሚጣበቅበት ቦታ ይሸፈንና ምልክቱ ይደክማል። ከዚያ 30 በመቶ ሱክሮዝ ውስጥ ይገባል፤ እስኪሰጥም ካልተጠበቀ ለመቁረጥ ሲቀዘቅዝ በረዶ ሕብረ ሕዋሱን ወንፊት ያደርገዋል። የቁራጩ ውፍረት 40 ማይክሮሜትር ይበቃል። ጥቁር ቀለም የሚሰጠውን ዲኤቢ ከኒኬል ጋር ሲጠቀሙ የሁሉም ቡድኖች ቁራጮች እኩል ደቂቃ ይቆዩ፤ «ይሄኛው ትንሽ ይጨመርበት» የተባለ ቀን ውጤቱ አለቀለት። ዋናው ፀረ እንግዳ አካል ያልነካው አንድ ቁራጭም ከጎን ይሂድ።

ሕዋስ ለይቶ ኤምአርኤንኤ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ሌላ ወጥመድ ይገጥመዋል። አንጎልን በኢንዛይም በ37 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ማላላት ማለት ፎስ ጫፍ እስኪደርስ በምቾት መጠበቅ ማለት ነው። የተነበበው የአይጧ ልምድ ይሁን የቱቦው ሥቃይ አይለይም። ፎስ፣ ጁን የሚባለው ሌላ ፈጣን ዘረመልና የሙቀት ድንጋጤ ዘረመሎች በሁሉም የሕዋስ ዓይነቶች ላይ አብረው ከፍ ካሉ ቱቦውን ጠርጥሩ፤ ማይክሮግሊያ (የአንጎል ተከላካይ ሕዋሶች) በተለይ ቶሎ ይደነግጣሉ። አንዱ መከላከያ ንባቡን የሚያቆመውን አክቲኖማይሲን ዲ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ መጨመር ነው። ሌላው ሕብረ ሕዋሱን ወዲያው በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝና በረዶ ላይ በመስታወት መፍጫ ኒውክለሶችን ብቻ ማውጣት ነው፤ መፍጨቱ ሲበዛ ኒውክለሶቹ ይፈነዱና ተጣብቀው ይጓጉላሉ። የኒውክለስ መንገድ ዋጋ አለው፦ ወደ ቅርንጫፎቹ የሄደውን አርክን የመሰለ ኤምአርኤንኤ አያሳይም።

ባዶ ሕዋስ ዝም ያለ ሕዋስ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ ነርቭ የታፈነ ነርቭ ነጥብ አይተውም። ለረጅም ጊዜ በቋሚ ፍጥነት ሲተኩስ የኖረም ላያሳይ ይችላል። ኬታሚን ደግሞ በራሱ የአንጎል ቅርፊት ኋላ ክፍል ላይ ነጥብ ያስነሣል፤ ስለዚህ የማደንዘዣው ዓይነት፣ የተሰጠበት ደቂቃና ፓራፎርማልዲሃይዱ የገባበት ደቂቃ ከነጥቡ ቁጥር አጠገብ ይጻፉ።