ዋልካ፣ ገልና ኩበት

ባለፈው በጋ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ድስት ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ከማሳው ጥቁሩን ዋልካ ቆፈርኩ። ሲያሹት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አራት ድስት ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን አራቱም ተሰነጣጠቁ።

አክስቴ ሸክላ ሠሪ ጎረቤቷ ጋ ወሰደችኝ። እማማ ስብርባሪውን አገላብጠው አዩትና "ልጄ፣ ይሄ አፈር ውሃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል" አሉኝ። በበጋ ማሳው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። እሳቸው ከገደል ሥር ቀይ አፈር ያመጣሉ፤ ዋልካውን ጥቂት ብቻ ይጨምሩበታል። ከዚያ የተሰበረ ገል ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው አብረው ያቦኩታል። ገሉ አንዴ እሳት ስላየ ዳግም አይኮማተርም። ጭቃውን ደግፎ ይይዘዋል፤ ለእርጥበቱም መውጫ ይከፍትለታል። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፤ የተሰበረ ድስት አዲሱን ከመሰበር ያድነዋል።

ሁለተኛው ዙር ሲደርቅ አልተሰነጠቀም። እሳቱ ላይ ግን ቸኮልኩ። ጥላ ሥር ሳምንት መቆየት ሲገባቸው በአራተኛው ቀን ኩበት ከመርኩባቸው። ነፋስ ነበር፣ እሳቱ ወዲያው ተያያዘ። ጧ! ጧ! ጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ 100 ዲግሪ አካባቢ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ድስቱን ያፈነዳዋል። አንድ ብቻ ተረፈ።

ለሦስተኛው እማማ ራሳቸው መጡ። መጀመሪያ ድስቶቹን በፍም ዙሪያ ደርድረን ግማሽ ቀን አሞቅናቸው። ከዚያ ኩበትና ጭድ አለበስናቸው። ሜዳ ላይ የሚነድ እንዲህ ያለ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ከ600 ካለፈ ጭቃው ሸክላ ሆኗል፤ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍም አይሟሟም። አየር ያገኘው ጎን ቀላ፤ አመድና ኩበት ያፈነው ጠቆረ። አፈሩ ያው አንድ ነው።

ከፈነዱት አንዱን ገል ይዤ፣ ማሳው ላይ ካገኘሁት ያረጀ ገል ጋር አስተያየሁት። የሁለቱም ጠርዝ ቀይ፣ መሀላቸው ጥቁር ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ተቃጥሎ ሳያልቅ እሳቱ በርዷል ማለት ነው። ያን ድስት የሠራው ሰውም ቶሎ ነድዶ ቶሎ በሚያልፍ እሳት የተኮሰው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

የኔን ስብርባሪ እማማ ለሚቀጥለው ጭቃ ሊወቅጡት ወሰዱት። የድሮውን ግን አልሰጠኋቸውም።