ውርጭ ያደረበት ባትሪ

«የአደጋው ምክንያት፦ የአብራሪዋ ስህተት።»

ይህን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጄ ጽፌና ፈርሜ ለክፍል ኃላፊው ያስገባሁት ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ ማለዳ ነው። በመካከል በነበሩት ቀናት አብራሪዋ ተማሪ ወርክሾፑ ደጃፍ ዝር አላለችም።

ደሴ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ያን ዓመት ከደረጃ አራት ተማሪዎች ጋር በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ሠርተን ነበር። አካሏ ፎም፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ40፣ ሞተሯ በባትሪ የሚሠራ። መጫወቻ የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ። ለእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ በሰሌዳ ላይ ያስተማርነው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚፈተንባት ዕቃ ነበረች፤ አንዲት ሽቦ በደንብ ካልተበየደች ውጤቱ በወረቀት ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይታያል። የማብረሪያ ፈቃዱን ለማግኘት የተመላለስንበትን ጊዜ እዚህ አልተርክም።

ሙከራውን ያደረግነው ኅዳር ውስጥ፣ ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በጣም ርቀን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ሌላ አገር የገባ ያህል ሹራቡን ያወልቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አውሮፕላኗን ሰባት ጊዜ አነሣናት። ሰባቱንም ጊዜ በሰላም አረፈች። ሰባቱንም ጊዜ ያበረረቻት ያቺው ልጅ ናት። ሪሞት ስትይዝ አውራ ጣቶቿ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም፤ እንዲህ ያለ የተረጋጋ እጅ በብዙ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

የትርዒቱ ቀን እሑድ፣ ቦታው ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲሆን ተወሰነ። ማለዳውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ስለማይኖር ነው ያልኩት፤ እውነትም ነፋስ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ሁለቱን ባትሪዎች ቻርጅ አድርጌ፣ በቴስተር ለክቼ፣ ጠዋት በጥድፊያ እንዳይረሱ ብዬ በብረት ሳጥን ውስጥ ከነመሣሪያው ፒክአፑ ላይ ጫንኳቸው። ፒክአፑ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ አደረ። ጠዋት ስንነሣ የፊት መስታወቱ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተጋግሮ ነበር። የፋቅሁት በመታወቂያዬ ጠርዝ ነው። መስታወቱን እየፋቅሁ፣ ከኋላዬ በዚያው ብርድ ያደረውን ሳጥን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ሣሩ ነጭ ነበር። ወላጆች ጋቢና ቡሉኮ ተከናንበው ቆመዋል። የሚጠበቁት እንግዳ ዘገዩ። ጊዜው እንዳይከብድ ከመምህራኑ አንዱ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚሁ ሜዳ ስለ ሃይማኖት ያደረጉትን ጉባኤ ለሰዉ ይተርኩ ጀመር፤ ጥሩ ተራኪ ናቸው፣ እኔም ብርዱን ረስቼ አዳመጥኳቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ሄደ። ባትሪዎቹ ከሳጥኑ ወጥተው እርጥብ ሣር ላይ ነበሩ።

ልጅቷ የሹራብ ጓንቷን አውልቃ በእጆቿ ላይ እፍ አለችባቸውና ሪሞቱን ያዘች። እኔ አውሮፕላኗን ወረወርኩ። ወጣች። ሠላሳ ሜትር ያህል ከፍ ስትል ሙሉ ኃይል ላይ ነበረች፤ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። አልደከመም፣ አልተንገዳገደም፤ ቢላዋ እንደ ቆረጠው ገመድ ነው ያለቀው። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ እንዳቀና ፍጥነቷ ሞተ። ልጅቷ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋ ወደ ግራ አዞረቻት፤ መዞሩን ሳትጨርስ የግራ ክንፏ ወደቀና እየተሽከረከረች ከታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ተፈጠፈጠች።

ሮጬ ደረስኩ። ፕሮፔለሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ የግራ ክንፉ ከሥሩ ተገንጥሏል። የመጀመሪያ ሥራዬ ባትሪውን ነቅሎ መለካት ነበር። 12.4 ቮልት። ሦስት ሴል ያለው ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2፣ በድምሩ 12.6 ነው። ስለዚህ ሙሉ ለማለት ጥቂት የጎደለው ባትሪ ነበር በእጄ ላይ።

«ባትሪው ሙሉ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያም ወደ እርሷ ዞሬ፣ «ጣትሽ ደንዝዞ ነው። ሳታውቂው የኃይል መስጫውን ዘንግ ቁልቁል ስበሽዋል» አልኳት።

«አልነካሁትም፣ ጋሼ» አለች።

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

አልመለሰችም። ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። እናቷ እዚያው ቆመው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ አዲስ ፕሮፔለር ገጥሜ ያንኑ ባትሪ ሰካሁት፤ ሞተሩ ያለ አንዳች ችግር ዞረ። ይህ ጥርጣሬዬን ወደ እርግጠኝነት ለወጠው። አንድ ባልደረባዬ «ቦሩ ሜዳ ከደሴም ከፍ ይላል፤ አየሩ ሳስቶባት ይሆናል» ብሎ ሊከላከልላት ሞከረ። ነገሩን በስሌት አየሁት። ከፍታ አየሩን እንደሚያሳሳው እውነት ነው፤ ብርድ ግን መልሶ ያጠብቀዋል። በኮምቦልቻ 25 ዲግሪና በቦሩ ሜዳ ውርጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ ከፍታው የወሰደውን ከሞላ ጎደል ይመልሳል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። እኔ ግን «ከፍታው ካልሆነ እርሷ ናት» ወደሚል ድምዳሜ ዘለልኩ፤ ሰኞ ዕለት ሪፖርቱን ጻፍኩ።

የግቢያችን ጥበቃ አንድ አዛውንት ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ሌሊቱን የምታነቃቸው ትንሽ ራዲዮ አለቻቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል የራዲዮዋን ድንጋዮች አውጥተው በበሩ አጠገብ ባለው ካብ ላይ ይደረድሯቸዋል። ይህን ስንት ዓመት አይቻለሁ! ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ አሙቆ ጥቂት ማንሰራራት በየቤቱ ያለ ልማድ ስለሆነ ልብም አላልኩት። ሐሙስ ጠዋት ስገባ ድንጋዮቹ ገና አዲስ መሆናቸውን አየሁ፤ ቀለማቸው አልተጫረም፣ ጫፋቸው ያበራል።

«አባባ፣ ይኼ እኮ አዲስ ነው። አልቆ ነው?»

«አላለቀም ልጄ። በርዶት ነው። ሌሊት ራዲዮዋ ዝም አለችብኝ፤ አሁን ሲሞቅ ትናገራለች።»

ቃል ሳልመልስ ቆሜ ቀረሁ። እኚህ ሰው ያላለቀ ድንጋይ በርዶት ዝም እንደሚል ያውቃሉ። እኔ የሙያው ባለቤት ነኝ። የባትሪ የውስጥ መቋቋም፣ ማለትም ኃይሉ ሲወጣ ባትሪው ራሱ የሚፈጥረው እንቅፋት፣ በብርድ እንደሚጨምር በክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ።

ያን ማታ አንዱን ባትሪ ካቡ ላይ ከአባባ ወንበር አጠገብ ተውኩት፤ ሌላውን ቤቴ ወስጄ በጋቢ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ዓርብ በጎህ አውሮፕላኗን ጠረጴዛ ላይ በገመድ አሰርኳትና በተራ ሰካኋቸው። ሞተሩ ሳይዞር ሁለቱም 12.5 አሳዩ። ምንም ልዩነት የለም። ሙሉ ኃይል ስሰጥ በጋቢ ያደረው ወደ 11.2 ወርዶ እዚያው ረጋ። ካብ ላይ ያደረው ባትሪ ቁጥር ግን ዓይኔ እያየ ተንሸራተተ፤ 10.5፣ 10፣ 9.7። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ባትሪውን ከጉዳት ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ ሴል 3.2 ላይ እንዲቆርጥ የተስተካከለ ነው፤ በድምሩ 9.6 መሆኑ ነው። 9.6 ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ያው የእሑዱ ቢላዋ። ወዲያው ቁጥሩ ተመልሶ ከ12 በላይ ወጣ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

በታኅሣሥ ማለዳ የማር ቅል የዘቀዘቀ ሰው ይህን ይረዳዋል። ቅሉ ሙሉ ነው፤ ማሩ ግን አይወርድም። በሊቲየም ባትሪ ውስጥም ኃይሉን የሚያመላልሰው ፈሳሽ በብርድ ይወፍራል፤ ኬሚካዊው ሥራ ይዘገያል። ትንሽ ብትጠይቀው ትንሽ ይሰጣል። ቴስተር የሚጠይቀው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ስለዚህ «ሙሉ ነኝ» ይለዋል። ሞተር 30 አምፔር ሲጠይቀው ነው ጉዱ የሚታየው። እኛም ዘንድ ባትሪዎቹ ሁለት ዓመት ያገለገሉ ስለነበሩ የውስጥ መቋቋማቸው ቀድሞውኑ አድጓል። በኮምቦልቻ ሙቀት ሰባት ጊዜ ያለፈው ድካም በቦሩ ሜዳ ውርጭ ተገለጠ። ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ውስጥ የዞረው ደግሞ እሑዱን ሙሉ ሲሞቅ የዋለው ባትሪ ነበር። እኔ ማስረጃ ያልኩት ሁሉ ቤት ውስጥ የተለካ ነው።

ልጅቷን ከማግኘቴ በፊት ወደ ክፍል ኃላፊው ሄጄ ሪፖርቱ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁ። «አውሮፕላኗ ትጠገናለች፣ ልጅቷም አልተቀጣችም፤ ተወው» አሉኝ፤ በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ግን ያ ወረቀት በፋይል ውስጥ እንዳለ ማደር አልቻልኩም። ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ባትሪው የት እንዳደረ፣ ማን እንዳሳደረው፣ ሰዓቱን ማን እንደመረጠ፣ የዓርቡን ቁጥሮች ሁሉ አስገባሁበት። የመጀመሪያው እንዲሰረዝ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ተሰረዘም።

ቤቷ እዚያው ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ ነው። እናቷ በሩን ከፍተው «ግባ» አሉኝ እንጂ እንደ ሌላው ጊዜ ፊታቸው አልፈካም። ቡና ተፈልቶ ነበር። እናቷ ባሉበት፣ ያን ዕለት በሰው ፊት ያልኩት ስህተት መሆኑን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ ለምን ወደ ግራ እንዳዞርኳት አልጠየቁኝም» አለች።

እውነት ነው፣ አልጠየቅኋትም። ሞተር ሲጠፋ ፊት ለፊት ማረፍ እንጂ መዞር እንደሌለባት ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ፣ መዞሯንም እንደ ሁለተኛ ጥፋት ቆጥሬ ሪፖርቱ ላይ አስፍሬዋለሁ።

«ፊት ለፊት ልጆች ነበሩ። ጭብጨባውን ሰምተው ከመንደሩ ሮጠው መጥተው ማሳው መሃል ገብተዋል። እርስዎ ወደ ላይ ነበር የሚያዩት።»

እናቷ ሲኒውን አቀረቡልኝ። «ጀባ» አሉኝ፣ «አብሽር ልጄ፤ ዋናው ልጆቹ መትረፋቸው ነው።» እጄ እየተንቀጠቀጠ ተቀበልኩ። የባትሪው ስህተት ያስከተለው የተሰበረ አውሮፕላን ነው። ልጆቹን ማየት ግን የእኔ ሥራ ነበር፤ ሜዳውን የመጠበቅ ኃላፊነት የአብራሪ ሳይሆን ከጎኗ የቆመው ሰው ነው።

ክንፉን በኮላና በቀርከሃ ስንጥር ጠገንነው። በጥር መጀመሪያ እንደገና ቦሩ ሜዳ ወጣን፤ በዚህ ጊዜ አራት ሰዓት ላይ። ከተማሪዎቹ አንዱ ለቡና የመጣው ከሰል ምድጃ ዳር ባትሪውን እናሙቀው ብሎ ነበር፤ ፈጽሞ ከለከልኩት። ይህ ዓይነት ባትሪ ከልክ በላይ ከሞቀ ያብጣል፣ ይነድዳል። በረዶ የነካውንም ሳያሞቁ ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። የሰው ገላ ሙቀት ለእርሱ ይበቃዋል።

ልጅቷ በነጠላ የተጠቀለለውን ባትሪ ከጃኬቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። በመዳፌ ያዝኩት፤ ዶሮ አሁን እንደተነሣችለት እንቁላል ይሞቃል። ሰካሁት፣ አውሮፕላኗን ከጭራዋ አጥብቄ ያዝኩ፣ እርሷም ሙሉ ኃይል ሰጠች። ሁለታችንም ቁጥሩ ላይ አፈጠጥን። አሥር ሴኮንድ። ሃያ። 11.1 ላይ ቆመ።

«ልወርውር?» አልኳት።

«ቆይ፣ ጋሼ» አለችና በእጇ ወደ ማሳው አመለከተች። ሁለት እረኞች ከበጎቻቸው ጋር እየተሻገሩ ነበር። እስኪያልፉ ድረስ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።