ድንች፣ ስቴኪኒ እና የክሎሪን ትራይፍሎራይድ ቅርጽ

አንደኛ ዓመት ሳለሁ የሞለኪውል ቅርጾችን የሸመደድኳቸው እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነበር። መሃል ያለው አቶም ሦስት ቦንድ (ከሌላ አቶም ጋር የሚያያይዘው የኤሌክትሮን ጥንድ) ካለው ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ካለው ቴትራሄድራል፣ ማለትም አራት ጫፍ ያለው ፒራሚድ መሰል ቅርጽ። ቦሮን ትራይፍሎራይድ ላይ ሠራልኝ። ፈተና ላይ ክሎሪን ትራይፍሎራይድ ሲመጣ ያንኑ ሦስት ማዕዘን ሣልኩ፤ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተሰረዘብኝ።

ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኛዬ ወረቀቱን አየና «መጀመሪያ ኤሌክትሮኑን ቁጠር እንጂ! ለቅርጹ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ቆጠርን። ክሎሪን 7፣ ሦስቱ ፍሎሪኖች 21፣ በድምሩ 28 የውጭ ኤሌክትሮን። ለቦንዶቹ 6፣ ለፍሎሪኖቹ 18 ሲወጣ 4 ተረፈ። እነዚህ ክሎሪኑ ላይ ሁለት ሎን ፔር፣ ማለትም ቦንድ ውስጥ ያልገቡ የኤሌክትሮን ጥንዶች፣ ሆነው ይቀመጣሉ። እኔ የዘለልኳቸው እነሱን ነበር።

የኤሌክትሮን ጥንዶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሦስቱ ቦንድና ሁለቱ ሎን ፔር የተራራቁ አምስት አቅጣጫዎች ይፈልጋሉ። አንድ ድንች አምጥተን ሦስት ስቴኪኒ ወገቡ ዙሪያ በ120 ዲግሪ፣ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች ሰካን። ሎን ፔሮቹ የትኛውን ይይዛሉ? ከላይ የተሰካው በ90 ዲግሪ የሚጠጉት ሦስት ጎረቤቶች አሉት፤ ወገቡ ላይ ያለው ግን ሁለት ብቻ። ሎን ፔር ከቦንድ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ የሚመቸው ወገቡ ነው። ከወገቡ ሁለቱን ስቴኪኒ ስነቅል እጄ ላይ የቀረው መዶሻ የመሰለ የቲ ቅርጽ ነው። ማዕዘኑም ሙሉ 90 አይደለም፤ የሎን ፔሮቹ ግፊት ወደ 87.5 ዲግሪ ገደማ ያጠበዋል። ያቺን ሁለት ዲግሪ ተኩል እስከ ዛሬ እወዳታለሁ፤ ሥዕሉ ላይ የማይታየው ሎን ፔር መኖሩን የምትናገር እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ዜኖን ቴትራፍሎራይድ አላስቸገረኝም። 36 ቆጥሬ ሁለት ሎን ፔር ተረፈኝ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲራራቁ አራቱ ፍሎሪኖች ጠፍጣፋ ካሬ ሠሩ።

ትራንዚሽን ሜታሎች (ፔሪዮዲክ ቴብሉ መሃል ላይ ያሉት እንደ ኒኬል ያሉ ብረቶች) ላይ ስደርስ ግን ድንቹ አልረዳኝም። +2 ቻርጅ ያለው ኒኬል ከአራት ክሎራይድ ጋር ሲተሳሰር ቴትራሄድራል፣ ከአራት ሳያናይድ ጋር ሲሆን ጠፍጣፋ ካሬ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሳያናይድ የኒኬሉን ዲ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸውን ስፍራዎች) ጉልበት አብዝቶ መከፋፈሉ ነው፤ ይህን ደግሞ የጥንድ ቆጠራ አያሳይም። ስለዚህ አሁን ጥያቄ ሲመጣልኝ መሃል ያለው አቶም ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ የት እንዳለ ሳላይ እርሳስ አላነሳም።