«አናጢ ልትሆኚ ነው?»

የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሐኪምነት ሥልጠና) ምርጫ ቅጹን ትናንት ማታ ሞላሁ። አንደኛ ምርጫ፦ ኦርቶፔዲክስ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ምንድን ነው እሱ?» አለች። የአጥንት ሕክምና ነው አልኳት። መዶሻውን፣ መጋዙን፣ መሰርሰሪያውን ስዘረዝርላት ሳቋ አመለጣት። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ አናጢ ልትሆኚ ነው?»

የሷ ምኞት የሕፃናት ሐኪም እንድሆን ነበር። እውነቱን ለመናገር የኔም ነበር። ቁመቴ አጭር፣ ኪሎዬ 49። ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) እያለሁ አንድ ሲኒየር ሐኪም የወለቀ ዳሌ ሲመልስ አይቻለሁ። አልጋው ላይ ወጥቶ፣ ላቡ ጠብ እስኪል እየጎተተ። ይሄስ የኔ አይደለም ብዬ ተውኩት። (ጡንቻው በማደንዘዣ በደንብ ካልላላ ጉልበተኛውም እንደማይመልሰው የገባኝ በኋላ ነው።)

ከዚያ ዎርድ ግን አንድ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም። ጭኑ የተሰበረ የባጃጅ ሹፌር ነው። እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ሳምንታት ተኛ። ተራው ሲደርስ አጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት ገባለት። ሳይን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሠራው ነው። ብልሃቱ፣ ቀዶ ጥገናው መሃል በኤክስሬይ የሚያሳየው ውድ ማሽን ባይኖርም ብሎኖቹን ቀዳዳቸው ላይ ማሳረፍ መቻሉ ነው። በማግስቱ ሹፌሩ በክራንች ቆመ። ቁልቁል እግሩን እያየ «የኔው ነው?» ይል ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ዕጣዬ ራቅ ያለ ወረዳ ወጣ። እዚያ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ አባት የ9 ዓመት ልጁን አዝሎ መጣ። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ወጌሻ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አስሮታል። አምስተኛ ቀኑ ነው። ማሰሪያውን ስፈታ እጁ ጠቁሯል፣ ቀዝቅዟል። ጣቶቹን ስነካቸው አይሰማውም። የሚገርመው አለማልቀሱ ነው። አባትየው «ሌሊቱን ሁሉ ሲጮህ ከረመ፣ ትናንት ግን ተሻለው» አለኝ።

አልተሻለውም። ሕመሙን የሚሰማው ነርቭ ሞቶ ነው። ጡንቻ ደም ካጣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል፤ እኛ ያለነው አምስተኛው ቀን ላይ። ሪፈር ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ከክርኑ በታች ያለውን እጁን አጥቶ ተመለሰ።

ወጌሻው ላይ በጣም ተናደድኩ። ንዴቴን ያበረደው አባትየው ነው። «የኔንም እግር ያዳኑት እሳቸው ናቸው» አለኝ። ደግሞም ወጌሻው ጎረቤት ናቸው፣ ዱቤም ይሰጣሉ። ሆስፒታል ግን ይቆርጣል። ሕዝቡ እንደዚያ ነው የሚያውቀው፤ ወደኛ የሚመጣው እጁ ከጠቆረ በኋላ ስለሆነ እውነትም እንቆርጣለን።

አንድ ቅዳሜ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ወጌሻው ቤት ሄድኩ። ልወቅሳቸው ነበር የሄድኩት። ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስለ ልጁ አነሳሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ጠበቅ ካላለ አጥንቱ ይሸሻል ብለው ነው አባቴ ያስተማሩኝ» አሉ በመጨረሻ። እኔም የራሳቸውን ጥፍር ተጭኜ ለቀቅኩት። መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ጣቱ ካበጠ፣ ካደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰበት ማሰሪያው ይፈታ፣ በሽተኛውም ወደኛ ይምጣ አልኳቸው። የሚስታቸውን ጥፍር ሞከሩ። የሠራተኛዋን ሞከሩ። የኔንም። ስልክ ቁጥሬን ትቼላቸው ወጣሁ። ከአንጀታቸው ተቀብለውኝ ይሁን ለይሉኝታ አላወቅኩም።

የዚያን ሰሞን ነው ስለ አጥንት ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ በእልህ ነበር። በኋላ ግን ድዩቲ ጨርሼ እንኳን መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ።

ባለፈው ወር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ዶክተር፣ ጥፍሩን ተጫንኩት። ነጭ እንዳለ ቀረ።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። «አሁኑኑ ይፍቱት!»

«ፈትቼዋለሁ እኮ። መንገድ ላይ ነን።»