የተረሱትን ስም የሚፈልገው ልዑል

ስለ ጥንታዊቷ ግብፅ ንጉሥ ስለ ዳግማዊ ራምሴስ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ጦርነቱና ግዙፍ ሐውልቶቹ ናቸው። የእኔ ልብ ግን ያለው አራተኛው ወንድ ልጁ ጋ ነው። ካዔምዋሴት ይባላል።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ልንገራችሁ። አባትየው 66 ዓመት ገደማ ነግሦ ከብዙ ሚስቶች 100 የሚጠጉ ልጆች ወልዷል። ከንግሥቶቹ በጣም የታወቁት ነፈርታሪና ኢሴትኖፍሬት ናቸው። ካዔምዋሴት የኢሴትኖፍሬት ነው። ልዑል ራምሴስ፣ ቢንታናትና መርኔፕታህ የእናቱ ልጆች ናቸው።

እሱ የጦር ሰው አልሆነም። ሜምፊስ ከተማ በሚገኘው፣ ፕታህ የሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ አገልግሎ ሊቀ ካህናት ሆነ። አፒስ የሚባለው ቅዱስ ኮርማ ሲሞት ቀብሩን የሚያስፈጽመው እሱ ነበር፤ ሳቃራ በሚባለው የመቃብር ስፍራ ለኮርማዎቹ የጋራ መቃብር የሚሆን ዋሻ ከመሬት በታች ያስጀመረውም እሱ ነው።

እኔን ግን የነካኝ ሌላ ሥራው ነው። እኛ ፒራሚዶቹንም እሱንም አንድ ላይ "የጥንት ግብፅ" ብለን እናልፋቸዋለን አይደል? ለእሱ ግን ፒራሚዶቹ ያኔውኑ ከ1,000 ዓመት በላይ ያለፋቸው፣ እየፈራረሱ ያሉ የጥንት ሰዎች ሥራ ነበሩ። እየዞረ አስጠገናቸው። ኡናስ በሚባል የቀድሞ ንጉሥ ፒራሚድ ላይ የባለቤቱ ስም ስላልተገኘ በደቡብ በኩል በትልልቅ ፊደል አስቀረጸለት፣ ጽሑፉ ዛሬም እዚያው አለ። የአባቱም ስም አብሮ ተቀርጿል፣ ሥራው በንጉሡ ትእዛዝ የተሠራ ነውና። ግን አስቡት፣ አባትየው የቀደሙ ነገሥታት ሐውልት ላይ የራሱን ስም የሚያስቀርጽ ሰው ነበር፤ ልጁ ደግሞ የሙታኑን ስም ለራሳቸው ይመልሳል።

ወራሽ የሆነው ታላላቆቹ ካለፉ በኋላ፣ በዕድሜው መጨረሻ ነው። ዙፋኑ ላይ ሳይወጣ ሞተ። አባቱ ገና በሕይወት ነበር። በመጨረሻ የነገሠው 13ኛው ልጅ መርኔፕታህ ነው። የካዔምዋሴት ልጅ ሆሪ ደግሞ እንደ አባቱ የፕታህ ሊቀ ካህናት ሆነ።

አንድ ቀን ካዔምዋሴት የካዋብን ሐውልት ከፍርስራሽ ውስጥ አገኘ። ካዋብ የታላቁ ፒራሚድ ባለቤት የኩፉ ልጅ ነው፤ እሱም ልዑል ነበር፣ እሱም ሳይነግሥ ነው የሞተው። ካዔምዋሴት ሐውልቱን አስነሥቶ የራሱን ቃል አስጻፈበት፦ የቀደሙትን ሰዎችና የእጃቸውን ሥራ እጅግ እንደሚወድ።