አየሩ የየት አገር ነው?

ድሬ ላይ ለማስተርስ ቴሲሴ ትንሽዬ ዊንድ ተነል፣ ማለት ንፋስ እየነፉ የሚሞክሩበት ሳጥን፣ ሠርቼ ነበር፣ ኮምፔርሳቶ፣ አንድ ትልቅ ፋን፣ አየሩን የሚያስተካክል ደግሞ የለስላሳ ስትሮ ደርድሬ። አማካሪዬ ገና ሲያያት «ወንድሜ እጅህን በእንጨት አታቆሽሽ፣ ፔፐር የሚወጣው ከኮምፒውተር ሲሙሌሽን ነው» አለኝ። ወርክሾፕ ውስጥ ያሉት ደግሞ ጋሼና ቶርኖው ብቻ ናቸው። ጋሼ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጥገና ነው፣ አንተ እያልኩ ነው የማወራው፣ ድሬ ላይ አንቱ ብትል ተጣላኸኝ እንዴ ይሉሃል።

በማኖሜትር አስልቼ ፍጥነቱ በሰከንድ 15 ሜትር ነው እላለሁ፣ አኒሞሜትሩ፣ የንፋስ ፍጥነት መለኪያው፣ 16.6 ይላል። ሦስት ሳምንት! አማካሪዬ «የቻይና ዕቃ ነው ጣለው» ብሎ ገላገለኝ፣ እኔም ልጥለው ስል ጋሼ ላቡን እየጠረገ ገባና ወረቀቴን አየት አድርጎ

«አቦ፣ ይሄ አየርህ የየት አገር ነው?»

«የየት ይሆናል፣ የድሬ ነዋ»

«15 ዲግሪ፣ ባሕር ጠለል ይላል እኮ። ባሕሩ ያለው ጅቡቲ ነው፣ እሱንም ስንት ጊዜ ወርጄ አውቀዋለሁ፣ 15 ዲግሪ የሚባል ነገር የለም»

ክው አልኩ። ማኖሜትር የሚሰጥህ ግፊት ነው፣ ወደ ፍጥነት ስትቀይረው የአየሩ ዴንሲቲ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ይገባል፣ እኔ ደሞ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ የያዝኳትን 1.225፣ የ15 ዲግሪና የባሕር ጠለሉን፣ ከትቼ ቁጭ ብያለሁ። ቴርሞሜትር አምጥተን ስናይ ክፍሉ 34 ዲግሪ፣ ድሬ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዴንሲቲው 0.99 አካባቢ ወረደ፣ እንደገና ሳሰላው 16.6። የቻይናው ዕቃ ልክ ነበር።

ለአማካሪዬ ስነግረው «እኔስ ያልኩህ ምን ሆነና» አለኝ። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «አየርህ የየት አገር ነው?» ብሎ ነው አሉ። ብቻ አልዋሽም፣ ስኮላርሺፑን ያገኘሁት በሲሙሌሽኑ ፔፐር ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንጨት ነክቼ አላውቅም።

አምና ድሬ ስገባ ጋሼን ከዚራ ሰፈር ቡና ጋበዝኩት፣ ቴሲሱንም ይዤለት ሄድኩ። የምስጋናው ገጽ ላይ አማካሪዬ ከነማዕረጉ ሁለት መስመር ይዟል። ጋሼ ጣቱን እያስኬደ «የኔስ የታለ?» አለኝ። «ለወርክሾፕ ሠራተኞች በሙሉ» የሚለውን አሳየሁት።

ሲኒውን አስቀመጠና «አቦ፣ ስንት ነበርን?»